የሰሎሞን ስም ያለበትን የአስማት መጽሐፍ እንዴት መመርመር ይቻላል

«የሰሎሞን ቁልፍ»፣ «የሰሎሞን ኪዳን»፣ «የራዚኤል መጽሐፍ» የሚሉ ርዕሶችን የያዙ የአስማት ጽሑፎች ዛሬ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ በቀላሉ የሚያገኛቸው ሆነዋል፤ አብዛኞቹም ከንጉሡ ከራሱ እጅ የወጡ የአይሁድ ምሥጢሮች ናቸው በሚል መግቢያ ታጅበው ይቀርባሉ። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሊሠራበት ሳይሆን ሊረዳው ለሚፈልግ አንባቢ ነው፤ ማለትም ጽሑፉ መቼና ከማን እጅ እንደወጣ፣ ለምን ጉዳይ እንደታሰበ፣ የትኛው ክፍሉ በእርግጥ ከአይሁድ ባህል እንደመጣና የትኛው በኋላ እንደተጨመረበት ለይቶ ማወቅ ለሚሻ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ዕብራይስጥ ወይም ላቲን ማወቅ የግድ አይደለም። የአማርኛ አንባቢ ደግሞ በሌላው ዓለም ብዙ ሰው እጅ የሌለ መነሻ አለው፤ መጽሐፈ ሄኖክ፣ ኩፋሌና ጦቢት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳት መጻሕፍት መካከል ናቸውና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ዕድሜውን ከርዕሱ አይውሰዱ

ሰሎሞን በእነዚህ መጻሕፍት ላይ የሰፈረው በደራሲነት ሳይሆን በሥልጣን ምንጭነት ነው። ይህ አስተሳሰብ ራሱ በእርግጥ ጥንታዊ ነው። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ፍላቪዩስ ዮሴፍ በ1ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ በጻፈው ታሪክ፣ አልዓዛር የተባለ አይሁዳዊ በሮሙ ንጉሠ ነገሥት በቬስፓስያን ፊት ጋኔን ሲያወጣ ማየቱን ይነግረናል፤ ሰውየው ሰሎሞን ያመለከተው የዕፅ ሥር ከማኅተሙ በታች የተቀመጠበትን ቀለበት በታማሚው አፍንጫ ላይ አድርጎ ጋኔኑን ሳበው፣ ከዚያም የሰሎሞንን ስምና የሰሎሞንን ድግምት እየጠራ እንዳይመለስ አማለው፣ መውጣቱን ለማሳየትም በአጠገቡ የተቀመጠውን ውኃ የሞላበት ዕቃ እንዲገለብጥ አዘዘው። ቀለበቱ፣ ስሙና ትእዛዙ በዚያን ጊዜም ነበሩ። ይህ ማለት ግን በእጅዎ ያለው መጽሐፍ የዚያን ዘመን ነው ማለት አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የአሳቡን ዕድሜና የቅጂውን ዕድሜ ለየብቻ መጻፍ ነው። «የሰሎሞን ቁልፍ» በሚል ስም የሚታወቀው መጽሐፍ ያሉት ቅጂዎች በአብዛኛው ከ15ኛው መቶ ዘመን ወዲህ የተጻፉ ናቸው፤ በሰፊው የተሠራጨው እንግሊዝኛ እትም ደግሞ በ1889 የታተመው የእንግሊዛዊው የአስማት ተመራማሪ የማዘርስ ሥራ ነው። «ማፍቴአሕ ሽሎሞ» (ፍቺው «የሰሎሞን ቁልፍ») የተባለ የዕብራይስጥ ቅጂም አለ፤ ኸርማን ጎላንትዝ በ1914 ፎቶውን አሳትሞታል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው የዕብራይስጡ ዋና ምንጭ ተገኘ» ብሎ ይደመድማል። ምሁራን የደረሱበት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ዕብራይስጡ ራሱ ከአውሮፓ ቋንቋ የተመለሰ ትርጉም መሆኑን ውስጡ ያሳብቃል። በዕብራይስጥ ፊደል መጻፍ ብቻውን የጥንታዊነት ማረጋገጫ እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በእርግጥ ጥንታዊ የሆነውን የአይሁድ ክፍል የሚፈልግ ሰው ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር ይኖርበታል። ከ5ኛው እስከ 8ኛው መቶ ዘመን ገደማ በሜሶጶጣሚያ፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ በኒፑር፣ የአራማይክ ድግምት ውስጣቸውን እየዞረ የተጻፈባቸው ጎድጓዳ የሸክላ ሳህኖች በቤቶች ወለል ሥር በአፋቸው ተደፍተው ተቀብረው ተገኝተዋል። በካይሮ ፉስጣጥ በሚገኘው የቤን ዕዝራ ምኵራብ የተከማቹት አሮጌ ወረቀቶች፣ ማለትም ሰሎሞን ሼክተር በ1896 እና 1897 አብዛኛውን ወደ ካምብሪጅ የወሰደው ጌኒዛ፣ በርካታ የድግምት ቁርጥራጮችን ይዘዋል። «ሴፈር ሃራዚም» የተባለውን ስለ ሰባቱ ሰማያትና በየሰማዩ ስላሉ መላእክት የሚናገር መጽሐፍ መርዶክዮስ ማርጋሊዮት በ1966 ሊያሳትመው የቻለው ከእነዚህ ቁርጥራጮች እየገጣጠመ ነው። መጽሐፉ ራሱን ለኖኅ በመልአኩ ራዚኤል የተሰጠና እየተወራረሰ ለሰሎሞን የደረሰ አድርጎ ያቀርባል። ኩፋሌ ምዕራፍ 10ን የሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ በዚያ አጋንንት የኖኅን ልጆች ሲያስቱ፣ ከእነርሱ አንድ አሥረኛው በአለቃቸው በመስቴማ ልመና ሲቀር፣ መላእክቱም ለኖኅ መድኃኒቱን ሲያስተምሩትና እርሱ በመጽሐፍ ጽፎ ለሴም ሲሰጥ እናነባለን።

ድልድዩ የተሠራው በስፔን ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን የካስቲሉ ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ አይሁዳውያንን ጭምር ባሰባሰበው የትርጉም ሥራ የዐረብኛና የዕብራይስጥ መጻሕፍትን ሲያስተረጉም፣ «ጋያት አልሐኪም» የተባለው የዐረብኛ የጠልሰም መጽሐፍ በ1256 ወደ ካስቲልኛ ተመለሰ፤ በራዚኤል ስም የሚጠራ ባለ ሰባት ክፍል የላቲን መጽሐፍም በዚሁ ንጉሥ ዘመን ተጠናቀረ። ስለዚህ በላቲን በተጻፈ የአስማት መጽሐፍ ውስጥ የአይሁድ፣ የዐረብና የክርስቲያን ነገር ተደባልቆ ቢያገኙ ሊደነቁ አይገባም፤ አንድ ወገን ብቻ ያለበት ከሆነ ነው ይልቁን መጠርጠር ያለብዎት።

ጋኔኑ ይጠራል ወይስ ይባረራል?

ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም ስለ ጽሑፉ ብዙ ይናገራል። የሸክላ ሳህኖቹ፣ የጌኒዛ ክታቦችና በታልሙድ (የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትውፊት ስብስብ) ውስጥ የተበተኑት መከላከያዎች በአብዛኛው ጋኔንን ከቤት፣ ከአራስ ወይም ከሕመምተኛ ለማራቅ የታሰቡ ናቸው። በላቲን የተጻፉት የመካከለኛው ዘመን መጻሕፍት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጋኔኑን ይጠሩታል፤ የተደበቀ ሀብት እንዲያሳይ፣ የሴት ልብ እንዲያዞር፣ ወይም የተሰወረ ነገር እንዲናገር ያዙታል። ድንበሩ ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም፤ «ሴፈር ሃራዚም» ውስጥም ጠላትን የሚጎዳና ፍቅርን የሚያስገድድ ትእዛዝ አለ። ሆኖም አንድን ገጽ ሲያነቡ በዳር ላይ «መጥራት» ወይም «ማባረር» ብሎ የመጻፍ ልማድ ያልተጠበቀ ጥቅም ይሰጣል።

«የሰሎሞን ኪዳን» ይህ ለውጥ ከየት እንደጀመረ ያሳያል። በግሪክኛ የተጻፈ፣ በመጀመሪያዎቹ የክርስትና መቶ ዘመናት የተሰናዳ፣ የአይሁድ ትውፊት በክርስቲያን እጅ ያለፈበት ጽሑፍ ነው። ቤተ መቅደሱ ሲሠራ ኦርንያስ የተባለ ጋኔን የአንድ ልጅ ሠራተኛን ጉልበት ይመጥጥበታል፤ ሰሎሞን በመልአኩ ሚካኤል በኩል ቀለበት ይቀበላል፤ ከዚያ አጋንንቱን አንድ በአንድ እያቀረበ ይመረምራቸዋል። ምርመራው ሁልጊዜ በሦስት ጥያቄ ላይ ይቆማል፦ ስምህ ማን ነው? ምን ትሠራለህ? የሚያሸንፍህ መልአክ ማን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ወሳኙ ነው፤ ጽሑፉን የሕመም መመርመሪያ የሚያደርገው እርሱ ነውና። ሰላሳ ስድስቱ መናፍስት ራስን የሚያማው፣ ዓይንን የሚያሳምመው፣ ባልና ሚስትን የሚያጣላው እያሉ ራሳቸውን ሲያጋልጡ አብረው ፈውሱን ይናገራሉ።

አሁን ዮሐን ቫየር በ1577 ያሳተመውን የ69 አጋንንት ዝርዝር ከዚህ ጎን ያስቀምጡት። እያንዳንዱ ጋኔን ስም አለው፣ መልክ አለው፣ ማዕርግና ሠራዊት አለው፣ የሚሰጠውም አገልግሎት ተጽፏል፤ የሚያሸንፈው መልአክ ግን የለም። ሦስተኛው ጥያቄ ጠፍቷል። ቫየር ጠንቋይ አይደለም፤ ሴቶች በጥንቆላ እየተከሰሱ መቃጠላቸውን የተቃወመ ሐኪም ሲሆን ዝርዝሩን ያወጣው ከንቱነቱን ለማጋለጥ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ የተዘጋጀው «ጎኤቲያ» የተባለ የአስማት መጽሐፍ ይህን የመሰለውን ዝርዝር ወስዶ ቁጥሩን 72 አደረገው፤ ይህም ወደ ታች ከምናያቸው 72 መለኮታዊ ስሞች ጋር ለማስተካከል የተደረገ ይመስላል። በዝርዝሩ ውስጥ በኣልንና አስታሮትን ሲያገኙ መጽሐፈ ሳሙኤልን ያስታውሱ፤ የከነዓን አማልክት ወደ አጋንንት አለቅነት ዝቅ ተደርገዋል። አስሞዴዎስ ደግሞ በጦቢት መጽሐፍ የሣራን ሰባት ባሎች የገደለውና በዓሣ ልብና ጉበት ጢስ ወደ ላይኛው ግብፅ የሸሸው ነው።

መሐላውን መበተን

እነዚህን ጽሑፎች ከሰነፍ ንባብ የሚያድነው ትልቁ ዘዴ መሐላውን እንደ ሕግ ሰነድ ማንበብ ነው። ብዙ አንባቢ አስማትን እንደ ልመና ወይም እንደ ሰይጣን አምልኮ ያስበዋል፤ የጽሑፉ ቃል ግን የዳኛ ቃል ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 የአስቄዋ ልጆች የተጠቀሙበትን፣ በእኛም አገር የደብተራ ክታብ የሚጠቀምበትን የማማልና የመገዘት አነጋገር ያስታውሱ። የቀድሞ ሰው መንገደኛን «በምኒልክ አምላክ ቁም!» ብሎ ሲያስቆም ጠሪው ራሱ ኃይል የለውም፤ የሚያስቆመው የተጠራው ስም ነው፣ ያልቆመውም ሰው የደፈረው ጠሪውን ሳይሆን ንጉሡን ይሆናል። የሰሎሞናዊው መሐላ አሠራር በትክክል ይህ ነው።

ስለዚህ ረጅሙን መሐላ ይዘው በእርሳስ ይክፈሉት። ተናጋሪው ማን እንደሆነና በማን ሥልጣን እንደሚናገር ያስምሩ። ከዚያ ሥልጣኑ የተደገፈበትን ታሪክ ይፈልጉ፤ ዓለምን የፈጠረ፣ ባሕርን የከፈለ፣ በሲና የተናገረ የሚሉት ሐረጎች ለጌጥ የገቡ ሳይሆኑ ማስረጃ ሆነው የቀረቡ ናቸው። ቀጥሎ ታዛዡ በስም መጠራቱን፣ ትእዛዙን፣ የጊዜ ገደቡን፣ «ሳትጎዳ፣ ሳታስፈራ፣ በእውነት» የሚሉትን ቅድመ ሁኔታዎችና እምቢ ቢል የሚደርስበትን ቅጣት ይለዩ። በላቲኖቹ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የማሰናበቻ ቃል ይገኛል፤ የተጠራው ያለ ፈቃድ አይሄድምና።

ይህ የሕግ መልክ በሳህኖቹ ላይ ዓይን በሚያፈጥጥ ሁኔታ ይታያል። በአንዳንዶቹ ላይ ሊሊት የተባለችው ሴት ጋኔን በረቢ ዮሹዓ ባር ፔራህያ ስም የፍቺ ወረቀት ይጻፍላታል፤ ከቤቱ እንድትወጣና እንዳትመለስ ትታዘዛለች። በአይሁድ ሕግ የፍቺ ወረቀት ስም ከተሳሳተ ዋጋ ስለሌለው፣ የጋኔኑም የቤቱ ባለቤትም ስም በጥንቃቄ ይጻፋል። የቤቱ ባለቤት የሚጠራው በአብዛኛው በእናቱ ስም ነው። እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ምልክት አለ፦ በጽሑፉ ውስጥ «እገሌ የእገሊት ልጅ» የሚል ካገኙ የያዙት የባለሙያ መመሪያ ነው፤ እውነተኛ ስም ከገባበት ግን አንድ ሰው ያሠራው፣ ምናልባትም በአንገቱ ያንጠለጠለው ክታብ ነው። የኢትዮጵያን የብራና ክታብ የሚያውቅ ሰው የክርስትና ስም የሚገባበትን ቦታ፣ ክታቡ ለሌላ ሰው ሲተላለፍም የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ የተጻፈበትን ብራና ያስታውሳል።

ስሞቹን መለየት

በአንድ ገጽ ላይ ሠላሳ የማይታወቅ ስም ተደርድሮ ሲያገኙ ሁሉንም ለመፍታት አይሞክሩ። አንዳንዱ ጸሎት ነው፤ በላቲን መጻሕፍት ላይ ደጋግሞ የሚመጣው «አግላ» አይሁድ በየዕለቱ ከሚጸልዩት ጸሎት የተወሰደ የአራት ቃላት ምኅፃረ ቃል ሲሆን ፍቺው «ጌታ ሆይ፣ አንተ ለዘላለም ኃያል ነህ» ማለት ነው። አንዳንዱ ዕብራይስጥ ያልገባው የገልባጭ ሥራ ነው፤ «ቴትራግራማቶን» በግሪክኛ «ባለ አራት ፊደል» ማለት ሲሆን ላቲኖቹ ራሱን እንደ ስም አድርገው ጠርተውበታል፤ ይህን ሲያዩ ከፊትዎ ያለው የአይሁዳዊ ብዕር አለመሆኑን መገመት ይችላሉ። አንዳንዱ ደግሞ በስሌት የተገኘ ነው። 72ቱ ስሞች የሚወጡት ከኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 14 ቁጥር 19፣ 20 እና 21 ሲሆን፣ በዕብራይስጡ ሦስቱም ቁጥሮች 72 ፊደላት አሏቸው፤ የመጀመሪያው ወደ ፊት፣ ሁለተኛው ወደ ኋላ፣ ሦስተኛው እንደገና ወደ ፊት ተጽፎ ፊደላቱ ሲደራረቡ ባለ ሦስት ፊደል 72 ስሞች ይገኛሉ። ስሌቱ የሚሠራው በዕብራይስጡ ብቻ ነው፤ በአማርኛ ወይም በግዕዝ ትርጉም ላይ ሞክሮ «አገኘሁ» የሚል ሰው ካጋጠመዎ ይለፉት።

ሌላው የታወቀ አሠራር መቀነስ ነው። የታልሙዱ ፔሳሒም ክፍል በሌሊት ውኃ በሚጠጣ ሰው ላይ የሚመጣውን ሻብሪሪ የተባለ ጋኔን ለማራቅ ስሙን እየቀነሱ «ሻብሪሪ፣ ብሪሪ፣ ሪሪ፣ ኢሪ፣ ሪ» እንዲሉ ያዝዛል፤ ስሙ ሲያልቅ ጋኔኑም ያልቃል ነው አሳቡ። በክታብ ላይ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ የፊደል ሦስት ማዕዘን ሲያዩ ይህንኑ አሠራር እየተመለከቱ ነው።

የመዝሙር ቁጥሮችንም ችላ አይበሉ። ታልሙድ ከአጋንንት መከላከያ አድርጎ የሚያውቀው መዝሙር በዕብራይስጡ አቆጣጠር 91 ሲሆን፣ በግሪኩና በላቲኑ፣ እንዲሁም በግዕዙ ዳዊት 90 ነው። አሳታሚው ቁጥሩን አልለወጠው እንደሆነ፣ 90 ብሎ የሚጠራ መጽሐፍ የተጻፈው የላቲን፣ የግሪክ ወይም የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት በእጁ ባለ ሰው ነው። ጸበል፣ ቅዳሴ የተደረገበት ብራና ወይም በሥላሴ ስም የሚደረግ መሐላ ሲታከልበት ደግሞ ጸሐፊው ከቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ወገን መሆኑ አያጠራጥርም።

ስለ ሰዓታቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለው ጊዜ ለ12፣ ሌሊቱም እንዲሁ ለ12 ተከፍሎ፣ ሰዓታቱ ለሰባቱ ከዋክብት፣ ዐውደ ነገሥት በተባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ እንደሚጠሩት ለዙሐል፣ ለሙሽተሪ፣ ለመሪኅ፣ ለፀሐይ፣ ለዝሁራ፣ ለአጣርድና ለጨረቃ በተራ ይሰጣሉ፤ እሑድ በፀሐይ ሰዓት ስለሚጀምር 25ኛው ሰዓት በጨረቃ ላይ ወድቆ ሰኞን ይከፍታል። ይህ የግሪኮችና የዐረቦች የኮከብ ቆጠራ ውርስ እንጂ የአይሁድ ልዩ ምሥጢር አይደለም። በመሬት ላይ የሚሠመረውም ክብ ጋኔን ጠሪውን ለመጠበቅ የሚሠራው በላቲን መጻሕፍት ነው፤ የታልሙድ መሠረት በሆነው የሕግ መጽሐፍ በሚሽና ውስጥ ክብ ሠርቶ የቆመው ሆኒ የጠየቀው ዝናብን፣ የጠየቀውም እግዚአብሔርን ነበር።

«አይሁድ እንዲህ ያምናሉ» ከማለት በፊት

ከአንድ ጽሑፍ ተነሥቶ ስለ አንድ ሕዝብ መናገር ትልቁ አደጋ ነው። ሙሴ ቤን ማይሞን፣ በ1138 ተወልዶ በ1204 ያረፈው፣ ስም እየፈጠሩ ክታብ የሚጽፉትን እብዶች ብሎ በመቁጠር አንባቢውን አስጠንቅቋል። ናሕማኒድስ በበኩሉ፣ ከ1194 እስከ 1270 የኖረው፣ አጋንንት ከእሳትና ከነፋስ የተፈጠሩ ረቂቃን መሆናቸውን ጽፏል። ሁለቱም ታላላቅ የሕግ መምህራን ናቸው። የታልሙዱ የጊቲን ክፍልም ሰሎሞን አሽሜዳይን (የጦቢቱን አስሞዴዎስ) በቀለበትና በሰንሰለት ሲያስረው ብቻ አያሳየንም፤ ጋኔኑ ቀለበቱን ተቀብሎ ንጉሡን 400 ፓራሳንግ (የጥንት የፋርስ የርቀት መለኪያ) አርቆ ሲወረውረውና ሰሎሞን በየደጁ እየለመነ «እኔ ሰባኪው ንጉሥ ነበርሁ» ሲል ያስቀምጠዋል። የላቲን ገልባጮች ይህን ክፍል ሲያነሡት አላየሁም፤ ለንግዳቸው አይመችም።

«አይሁዳዊ ምሥጢር» የሚለው ማስታወቂያ ሁለት ስለት ነበረው። በአንድ በኩል መጽሐፍ ይሸጣል፤ በሌላ በኩል ደም ያፈሳል። በ1189 በእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ 1ኛ የዘውድ በዓል ላይ አይሁድ እንዳይገቡ የተከለከሉት አስማት ያደርጋሉ በሚል ፍራቻ እንደነበር የ13ኛው መቶ ዘመን ዜና መዋዕል ጸሐፊ ማቴዎስ ፓሪስ ጽፏል፤ በዚያው ቀን ለንደን ውስጥ አይሁድ ተጨፍጭፈዋል። በአሮጌ መጽሐፍ ሽፋን ላይ «ከረቢ የተቀዳ» የሚል ሲያነቡ ይህን ልብ ይበሉ።

ምርመራውን ለመጀመር ከጦቢት ምዕራፍ 3 እስከ 8፣ ከሄኖክ ምዕራፍ 6 እስከ 15፣ ከኩፋሌም ምዕራፍ 10ን ያንብቡ። ቀጥለው የሰሎሞንን ኪዳንና ጊቲን 68ን ይውሰዱ፤ ታልሙዱ ሴፋሪያ በተባለው ድረ ገጽ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር በነጻ ይገኛል፣ የጌኒዛ ቁርጥራጮችም ፎቶ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ላይ አለ። ከዚያም አንድ ታሪክ በሦስት ቋንቋ ይከተሉ፦ ከ8ኛው እስከ 10ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ በተጻፈው «የቤን ሲራ ፊደል» በተባለ የአይሁድ ጽሑፍ ውስጥ ሊሊት ሳኖይ፣ ሳንሴኖይና ሴማንጌሎፍ የተባሉትን ሦስት መላእክት ስም ባየችበት ቦታ ሕፃን ላለመንካት ትምላለች፤ በባይዛንታይን ቅዱስ ሲሲንዮስ ጊሉ የተባለችውን ሕፃን ገዳይ ያሳድዳል፤ በኢትዮጵያ ክታብ ላይ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ ውርዝልያን በጦር ይወጋል። የስሞቹን መመሳሰል፣ የሕፃኑን ሞት፣ የመሐላውን ቃል በሦስት ዓምድ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ የትኛው ከየትኛው እንደተቀዳ ግን ወዲያው አይወስኑ። የቫየርን ዝርዝርና «የሰሎሞን ቁልፍ»ን የሚከፍቱት ይህ ሠንጠረዥ ከሞላ በኋላ ነው።